ሦስቱ ገንቦዎች አፋቸውን የከፈቱ ቀን

ይህ ታሪክ እውነት ነው።

ገና ከአሁኑ "ፈጠራ ነው" ልትሉ ጣታችሁን ኮሜንት ላይ ያስቀመጣችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አንሱት። የሆነው እዚሁ ሐዋሳ ነው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እትዬ አባይነሽ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ሰርቪስ ቤት። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ።

ሌሊት አይደለም። መብራት አልጠፋም። ውሻ አላላዘነም። ፀሐይዋ የቤቱን ቆርቆሮ እያንጣጣችው ነበር።

ደግሞ "በድምፅ አንብቢልን" እያላችሁ በውስጥ መስመር የምታጨናንቁኝ አላችሁ። አላነብም። ስንት ጊዜ ልበላችሁ? ጽሑፍ ነው ያለኝ፣ ጽሑፉን አንብቡ።

ባለታሪኳ ሩታ ትባላለች። እሷም ብትሆን ይህን ሁሉ የነገረችኝ በባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ ጽፋ ነው።

ለምን እንደጻፈችው ትደርሱበታላችሁ...

ሩታ ቀን ቀን አዲስ ከተማ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ከሥራ በኋላና እሁድ ደግሞ የሰፈራችን ቸርች ኳየር ውስጥ ሶፕራኖ ናት። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሰላማዊት ጀርባ ቆማ "ኦ..." ስትል የኖረች ልጅ ናት። ድምፅዋ ከሰላማዊት ይበልጣል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም። ሰላማዊት ቀድማ ገብታለች፣ ሶሎ ደግሞ ቀድሞ ለገባ ሰው ነው። በቃ።

ዘንድሮ ሰላማዊት አግብታ ዲላ ሄደች።

የኳየሩ መሪ ኤልናታን ሩታን ለብቻዋ ጠርቶ፣ "ሩትዬ፣ አልበሙ ላይ ሦስተኛው መዝሙር ያንቺ ነው" አላት።

ሰባት ዓመት!

ቤቷ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቀረጻው የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ነው ተባለ።

በዚያ ሁሉ ደስታ መሀል አንድ የሚያበሳጫት ነገር ብቻ ነበር።

እነዚያ ተክሎች።

ሦስት ናቸው። ከመንገድ ዳር አበባና ችግኝ ከሚሸጠው ከአብዱልሃሚድ ነው የገዛቻቸው። አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲመለስ ለእሱ ጥሎለት የሄደ ተክል ነው። ከቅጠሉ ጫፍ እንደ ክር ያለ ነገር ይወጣል። የክሩ ጫፍ ያብጥና ትንሽ ገንቦ ይሆናል። ገንቦዋ ክዳን አላት። ክዳኗ ሲከፈት ዝንብ ይገባና ውስጧ ባለው ውሃ ይሰምጣል። ተክሏም ትበላዋለች።

"ድቅል ናት" አላት አብዱልሃሚድ ያኔ። "እናትየው ዛፍ ላይ የምትንጠላጠል ረጅም ናት። ይቺ ግን ድንክ ነች፣ መስኮት ላይ ትበቃታለች። ፈረንጁ ጋ ወላሂ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ነበር።"

"ሰውየውስ እንዴት ነው የያዛቸው? ጠይቀኸዋል?"

"ምን እጠይቀዋለሁ። ዝምተኛ ነው። የሚፈልገውን እንኳን በወረቀት ጽፎ ነው የሚያሳየኝ።"

ሁለቱም ሳቁ። ፈረንጅ አመሉ አያልቅም ብለው።

እና ሩታ ገዝታ ወሰደቻቸው። ስምንት ወር ተንከባከበቻቸው። በእነዚያ ስምንት ወራት ያላደረገችው ነገር የለም። የቧንቧ ውሃ ጨው አለበት ስትባል፣ ከቆርቆሮው አሸንዳ የዝናብ ውሃ በጀሪካን አጠራቀመች። አፈር አይወዱም ስትባል፣ እንዲተከሉበት ከወንዶ ገነት ድረስ የዛፍ ሽበት አስመጣች። አየሩ ደረቀባቸው ስትባል፣ ሃይላንድ ፕላስቲክ ቆርጣ እንደ ቆብ ደፋችባቸው። ጠዋት ትረጫለች። ማታ ትረጫለች። መብራት ሲጠፋ ለራሷ ሳይሆን ለእነሱ ነው የምትጨነቀው።

ምን አገኘች?

ቅጠል። ቅጠል። ቅጠል።

ጎመን ብትተክል ይሻላት ነበር። ቢያንስ ይበላል።

ክሩ ይወጣል፣ ጫፉ ትንሽ ያብጣል፣ እሷ ደስ ይላታል... ከዚያ ጠቁሮ ይደርቃል። ሌላ ቅጠል ይወጣል። ሌላ ክር። ይጠቁራል፣ ይደርቃል። ስምንት ወር እንዲህ።

"ሰባት ዓመት ሰውን ጠበቅሁ" ትለኝ ነበር ያኔ። "አሁን ደግሞ ቅጠል ልጠብቅ?"

እኔ እስቅባት ነበር።

ረቡዕ ዕለት ነው የፈነዳችው። ከልምምድ ተመልሳ ገባች። ሦስተኛውን መዝሙር ተክሎቹ ፊት ቆማ አንዴ ዘመረችው። ጥሩ ወጣላት። ከዚያ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። ሦስቱም ክሮች ጠቁረዋል። ባለፈው ሳምንት አብጠው የነበሩት ሦስቱም!

አንጀቷ ቅጥል አለ።

እዚህ ላይ ስለ እትዬ አባይነሽ ልንገራችሁ። የቤቱ ባለቤት ናቸው፣ የጸሎት ቡድን መሪም ናቸው። እትዬ አባይነሽ በጸሎት ጮክ ብለው የማያውጁበት ነገር የለም። ፍሪጅ ቢበላሽ እጃቸውን ዘርግተው ያውጁበታል፣ ከዚያ ነው ሠሪ የሚጠሩት። በር ቢጮህ ያውጃሉ። ተከራዮቹ ሁሉ አመላቸውን ለምደውታል። እኔም እዚያ ግቢ በሄድኩ ቁጥር ራሴ ላይ እጅ ሳይጫንብኝ ወጥቼ አላውቅም።

እና ሩታ በዚያ ብስጭት የእትዬ አባይነሽን አኳኋን ያዘች። እጇን ዘረጋች። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ግማሹ ቀልድ ነበር፣ ግማሹ ግን የምር ነበር።

"አፋችሁን ክፈቱ!" አለች። "አዝዣችኋለሁ፣ ክፈቱ! ምንድነው የጎደላችሁ? የጎደላችሁን ከእኔ ውሰዱ! ያለኝን ውሰዱ... ብቻ ክፈቱ!"

ከዚያ ራሷን ታዝባ ሳቀች። መብራት አጥፍታ ተኛች።

ሐሙስ ጠዋት ጠቁሮ የነበረው ክር አረንጓዴ ሆኖ አገኘችው።

ዓርብ አበጠ።

እሁድ ከቸርች ስትመለስ የመጀመሪያዋ ገንቦ አውራ ጣቷን አክላ ተንጠልጥላ ነበር። ቀይ ነጠብጣብ ያላት፣ ከንፈሯ የሚያብረቀርቅ፣ ክዳኗ ገና ያልተከፈተ ቆንጆ ገንቦ። ይህ ነገር ሳምንታት ይፈጃል ብሏት ነበር አብዱልሃሚድ። በአራት ቀን!

ሩታ ጮኸች። ፎቶ አንስታ ለእኔ ላከችልኝ። "ሰማችኝ!" ብላ ጽፋበት ነበር።

ዓይኗ እያየ የገንቦዋ ክዳን ተከፈተ።

ጵ... የሚል ትንሽ ድምፅ ሰማች። ሰው ሊናገር ከንፈሩን ሲያላቅቅ የሚሰማው ዓይነት።

ማክሰኞ ልምምድ ላይ ኤልናታን ኪቦርዱን አቆመ።

"ሩታ፣ ላይኛዋን ድምፅ ለምን ዘለልሻት?"

"አልዘለልኳትም።"

"ድገሚያት።"

ደገመችው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። አፏን ከፈተች፣ ደረቷ ተነሳ፣ ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው... ከላይኛዋ ድምፅ ስትደርስ ግን ምንም የለም። መጎርነን አይደለም። መሰንጠቅ አይደለም። ድምፅዋ የነበረበት ቦታ ባዶ ነበር።

"ብርድ ነው" አልናት። ዝንጅብል ተባለ። ማር ተባለ። ጤና አዳም ተባለ። ኤልናታን "ዝም በዪ፣ አትናገሪ፣ ለቀረጻው ይመለሳል" አላት። ሁሉን አደረገች። አልተመለሰም።

ሁለተኛዋ ገንቦ የተከፈተችው በሚቀጥለው እሁድ ነው።

ሰኞ ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ደንበኛ "ስንት ገጽ ነው?" ሲላት፣ መልሷ በሹክሹክታ ወጣ።

እዚህ ላይ ነው ትንንሽ ነገሮች ዓይኗ ውስጥ መግባት የጀመሩት።

መጀመሪያ፣ ዝንብ የለም። ገንቦዎቹ ውስጥ ብቻ አይደለም፣ ቤቱ ውስጥ። ጉንዳን እንኳን ከመስኮቱ በታች ሲደርስ ዞሮ ይሄዳል። ጎረቤት ጣሪያ ላይ ዓመቱን ሙሉ ተገትረው የሚውሉት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ደግሞ የሉም።

ቀጥሎ፣ ገንቦዎቹ ዞረዋል። ተክል ወደ ብርሃን ነው የሚዞረው። የእሷ ገንቦዎች ግን ለመስኮቱ ጀርባቸውን ሰጥተው አፋቸውን ወደ አልጋዋ አድርገዋል። የተተከሉባቸውን ማሰሮዎች አዙራ አስቀመጠቻቸው። ጠዋት ስትነቃ እንደገና ወደ እሷ ዞረው አገኘቻቸው።

ከዚያ ውሃው። ማንም ሳይጨምርበት ገንቦው ውስጥ ያለው ውሃ ሞልቷል። ጣቷን ነከረች።

ሙቅ ነበር። የሰው አፍ ያህል ሙቅ።

ጣቷን አውጥታ ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች፣ ወጥታ በሳሙና ታጠበች።

ረቡዕ ከሥራ ስትገባ እትዬ አባይነሽ ግቢው መሀል ልብስ እያሰጡ ነበር።

"ሩታ ልጄ፣ ተሻለሽ አይደል? ተመስገን!"

ራሷን ነቀነቀች።

"እንዴ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ስትዘምሪ ሰምቼሽ? እንዲያውም ከሥራ ቀረች እንዴ ብዬ..."

"ሥራ ነበርኩ እትዬ" አለች በሹክሹክታ።

"ሥራ?"

"ጠዋት የወጣሁ አሁን መግባቴ ነው።"

እትዬ አባይነሽ እርጥቡን አንሶላ እንደያዙ ቀሩ። ሁለቱም ወደ ተዘጋው በር አዩ። ቁልፉ ሩታ እጅ ላይ ነበር።

"ያቺ ላይኛዋ ድምፅሽ..." አሉ እትዬ አባይነሽ ቀስ ብለው። "እሷንም ብለሻት ነበር።"

በማግስቱ ሩታ ፈቃድ ጠይቃ አብዱልሃሚድ ጋ ሄደች። ችግኞቹን ውሃ እያጠጣ ነበር። አጠገቡ ሄዳ ጆሮው ሥር ነው የተናገረችው፣ ካልሆነ አይሰማም።

"ያ ፈረንጅ... ድሮም ዝምተኛ ነበር?"

"ምን?"

"ከመጀመሪያው ጀምሮ በወረቀት ነበር የሚያወራህ?"

አብዱልሃሚድ ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው። የውሃውን ጎማ ጣለ።

"አይ" አለ። "ሲመጣማ ለፍላፊ ነበር። አማርኛ ልናገር ብሎ ያደርቀን ነበር። ኋላ ነው... ኋላ ነው ዝም ያለው።"

"ተክሎቹን ሲያመጣልህስ?"

"በፎጣ ጠቅልሎ ነው ያመጣቸው። የገንቦዎቹን አፍ በፕላስተር አሽጎት። እኔ ለገዢ አያምርም ብዬ ገንቦዎቹን ቆርጬ ጣልኳቸው።"

"ስትቆርጣቸው..." ሹክሹክታዋም እየደከመ ነበር። "ስትቆርጣቸው ምን ሰማህ?"

አብዱልሃሚድ ዙሪያውን አየ።

"ማን ነገረሽ?"

"ንገረኝ።"

"አንድ ሰው ከኋላዬ የሳለ መሰለኝ። ዞር ስል ማንም የለም።" ጎማውን ከመሬት አነሳ። "ወላሂ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።"

"ከዚያ በኋላ ሰውየው ተናገረ? ድምፁ ተመለሰለት?"

"ምን አውቄ? ሄዷል እኮ።"

ይህቺን ነው ሩታ ደብተሯ ላይ ሦስት ጊዜ ያሰመረችባት። ምን አውቄ። ቢቆረጡ ድምፅዋ ይመለስላት ይሆናል። ወይ ደግሞ አንዴ ስሎ ይጠፋል። ማንን ትጠይቅ? ማን ያውቃል? በሽታ ቢሆን ሐኪም አለ። ሌባ ቢሆን ፖሊስ አለ።

ዓርብ ሥራ መሄድ አቃታት። እትዬ አባይነሽን ሳሎናቸው ውስጥ አግኝታ ሁሉንም ነገረቻቸው። ያቺን ረቡዕም ጭምር። እጇን እንዴት እንደዘረጋች፣ ምን እንዳለች።

እትዬ አባይነሽ እያቋረጡ የሚሰሙ ሴት ናቸው። ያን ዕለት ግን አላቋረጧትም።

"ስታውጂ ማንን ጠራሽ?" አሏት በመጨረሻ።

"እትዬ?"

"እኔ ሳውጅ መጀመሪያ የጌታን ስም እጠራለሁ አይደል? በርም ቢሆን፣ ፍሪጅም ቢሆን። አንቺ የማንን ስም ጠራሽ?"

ሩታ አሰበች።

"የማንንም።"

"ከማን ውሰዱ አልሽ?"

"...ከእኔ።"

እትዬ አባይነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ልጄ፣ በገዛ አፍሽ ነው የሰጠሽው። በገዛ አፍሽ ነው የምትመልሺው። ሌላ ሰው ሊመልስልሽ አይችልም። ነገ ሦስተኛዋ ገንቦ ሳትከፈት አብረን እንገባለን። የሰጠሁትን መልሻለሁ፣ በጌታ ስም መልሻለሁ በዪ። ጮክ ብለሽ።"

"ጮክ ማለት የት አለ እትዬ?" አለች ሩታ፣ እንባዋ እየወረደ። "ጮክ ማለቱን እኮ ነው የወሰዱት!"

ቅዳሜ ደረሰ።

ቀረጻው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ኤልናታን ሁላችንንም ስምንት ሰዓት ሰብስቦናል። ሩታ የለችም። ብንደውል አታነሳም። መነጫነጭ ተጀመረ። "ሶሎ ሲሰጧት እንዲህ ሆነች" ያለም አልጠፋ። ደሜ ፈላ። "አመጣታለሁ" ብዬ ባጃጅ ይዤ ወጣሁ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ሮሆቦት። የኳየሩ አልቶ።

ግቢው በር ላይ ስደርስ ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ሰዓት ከሩብ።

ሩታና እትዬ አባይነሽ የሰርቪሱ በር ላይ ቆመዋል። ሩታ የቀረጻ ልብሷን ለብሳለች፣ ነጩን ቀሚስ። ፊቷ ግን አመድ መስሏል።

"ምን ሆናችሁ? ሰው እየጠበቀ እኮ..."

ሩታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"ዝም በዪ" አለች። ከንፈሯን አይቼ ነው የገባኝ። "እዚህ ቤት ውስጥ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ።"

ገባን።

ቤቱ ይሞቃል። ይወብቃል። መስኮቱ ላይ ሦስቱ ተክሎች ተደርድረዋል። ሁለቱ ገንቦዎች አፋቸውን ወደ በሩ አዙረዋል፣ እኛ በምንገባበት በኩል። ሦስተኛዋ ትልቋ ናት። ክዳኗ ገና እንደተገጠመ ነው።

ሩታ ፊታቸው ቆመች። እጇን እንደ ያኔው ዘረጋች። ሰባት ዓመት የጠበቀችው ነገር በአሥር ደቂቃ የባጃጅ መንገድ ላይ ነው ያለው። ይህንን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

በረጅሙ ተነፈሰች።

"በጌታ ስም..." አለች። የቀራትን ድምፅ ሁሉ አሟጣ ነው ያወጣችው፣ ሰማሁት። "የሰጠሁትን..."

ጵ።

ሦስተኛዋ ተከፈተች።

ሩታ አፏ ይንቀሳቀሳል። "መልሻለሁ" እያለች ነው። ደጋግማ እያለች ነው። ጉሮሮዋ ላይ ደም ሥሯ ተገትሯል። ትጮሃለች... ምንም አይሰማም። ትንፋሽ እንኳን። ሦስቱ ክዳኖች ግን በእያንዳንዱ ቃሏ ልክ ቀስ ብለው ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ።

እትዬ አባይነሽ ለጸሎት አፋቸውን ከፈቱ። ሩታ ዘላ በመዳፏ አፈነቻቸው። ያቺ ጉንዳን እንኳን የማትረግጥ የዋህ ልጅ አሮጊቷን ግድግዳ ላይ አጣብቃ አፋቸውን ያዘች። ዓይኗ "አይሆንም፣ እርስዎን ደግሞ አይሆንም" ይል ነበር።

እጇ ሁለት ነው። አንዱ በእሳቸው ተይዟል፣ በሌላው ወደ እኔ ታርገበግባለች።

እኔስ?

እኔማ ተናድጄ ነበር። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ልጅቷ ሰባት ዓመት ከኋላ ቆማለች። አንድም ቀን አላጉረመረመችም። አንድ መዝሙር ሰጧት፣ አንድ! እሱንም ቅጠል ይቀማት? ከፍርሃቴ ንዴቴ በለጠ። አፌን መያዝ ያቃተኝ ሰው ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ።

"መልሱላት!" ብዬ ጮኽኩ። "የእሷን መልሱላት! ከፈለጋችሁ የእኔን ውሰዱ!"

ክዳኖቹ መነሳት መውረዳቸውን አቆሙ።

ሩታ እጇ ከእትዬ አባይነሽ አፍ ላይ ወደቀ። አየችኝ። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም።

መስኮቱ ላይ፣ በሦስተኛው ተክል ትንሿ ቅጠል ጫፍ ላይ፣ የደረቀች ጥቁር ክር ነበረች። ስገባም አይቻታለሁ።

ጫፏ አረንጓዴ ሆኗል።

...

ቀረጻው አልቀረም። ሦስተኛውን መዝሙር ጫልቱ የምትባል አዲስ ገቢ ዘመረችው። ጥሩ ዘመረች ይላሉ። እኔ አልሰማሁትም፣ መስማትም አልፈልግም። ኤልናታን ሩታን ሐኪም ቤት ወስዷት ነበር። ጉሮሮዋን አይተው ምንም የለባትም አሏቸው። ምንም!

እትዬ አባይነሽ ቤቱን ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። መቀስ ይዘው ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄደዋል። ሁለቱንም ጊዜ ሩታ ደጃፉ ላይ ተኝታ ከለከለቻቸው። ደብተሯ ላይ በትልቁ ጽፋ አሳየቻቸው፦ "ውስጡ ያለሁት እኔ ነኝ።"

ለእኔም ጽፋልኛለች፦ "ለምን እንዲህ አልሽ?"

እኔም እስክሪብቶ አነሳሁ። "እንድትዘምሪ ፈልጌ ነው" ብዬ ጻፍኩላት። ደብተሩን ዘግታ አቀፈችኝ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ እኔና ሩታ የተቆለፈው በር ፊት ሁለት ዱካ ወንበር አስቀምጠን እንቀመጣለን። ፀሐይ ናት። ግቢው ውስጥ ልብስ ተሰጥቷል። ከውስጥ ሦስተኛው መዝሙር ይጀምራል።

ላይኛዋንም አይዘላትም። አንድም ቃል አይስትም። ሩታ እንዲያ አድርጋ የዘመረችበት ቀን የለም፣ ይህን የምለው አጠገቧ ሰባት ዓመት የቆምኩት እኔ ነኝ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። እንባዋ ይወርዳል። እኔ እጇን እይዛለሁ።

ያለፈው ቅዳሜም እንዲሁ ተቀምጠን ነበር። የመጀመሪያው ስንኝ አለቀ። ሁለተኛው ሊጀመር ሲል ከሥር ሌላ ድምፅ ተቀበላት። ወፍራም። ትንሽ የሚቸኩል። አልቶ።

ሩታ ዓይኗን ገለጠች። ቀስ ብላ ዞራ ከንፈሬን አየችው።

አፌ ዝግ ነበር።